ከቁልቋሉ ወዲያ የማያልፍ ባትሪ

የበደለኝ ሰው ባላምባራስ ጥሩነህ ይባላል። ስሙን ገና ከመነሻው መጥራቴ፣ መካከል ላይ ስትደርሱ «ማን ይሆን?» እያላችሁ እንዳትደክሙ ነው። በሕይወት ሳለ በፊቱ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ነፍሱን ይማረውና እሱ ከመቃብር፣ እኔ ከወረቀት ላይ ስለሆንን፣ አንተ ብለው የሚቀየመኝ አይመስለኝም። ቢቀየምም እንደ ድሮው ደጄ ድረስ መጥቶ፣ በከዘራው መሬቱን እየወጋ፣ «የሻረግ፣ ምን አልሽ አሉ?» ሊለኝ አይችልም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አንድን ዕቃ ከአገር ሰው ሁሉ ቀድሞ የገዛ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ከዚያ የባሰ አስቸጋሪ ፍጡር ካለ ንገሩኝ። ጃንጥላ ቀድሞ የገዛ እንደሆነ ዝናቡን እሱ ያዘዘው ይመስለዋል። ሰዓት ቀድሞ ያሰረ እንደሆነ ፀሐይዋን «ዛሬስ ዘገየሽ» ሊላት ይቃጣዋል። ባላምባራስ ጥሩነህ ደግሞ በእኛ ደብር ባትሪ የገዛ የመጀመሪያው ሰው ነበር። ጃንሆይ በዙፋናቸው በነበሩበት በዚያ ዘመን፣ በእጅ የሚያዝ፣ ጣት ሲነካው ብልጭ የሚል መብራት በመንደራችን ብርቅ ነበር። ያቺ የመጀመሪያዋ ባትሪው እንኳ ብዙ አልቆየችም፤ ጨሞጋን ሲሻገር ከእጁ አምልጣ ውኃ ወሰዳት። ባትሪዋ ሄደች፤ ሊቅነቱ ግን ከእሱ ጋር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ብርሃን ጉዳይ በእኛ አገር ከባላምባራስ አፍ ሳይወጣ የሚጸና ነገር አልነበረም። ጨረቃ እንኳ ደመቅ ብላ የወጣች እንደሆነ ሰዉ ወደ እሱ ዘወር ብሎ ያይ ነበር።

እኔ ባትሪ የፈለግሁት ለጨለማ አልነበረም። ጨለማን ምን አደርገዋለሁ? ከቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ምንጭ ያለውን መንገድ እግሬ ከዓይኔ ይልቅ ያውቀዋል። ባትሪ የፈለግሁት ልጄ ናፍቃኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ በቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ልጄ ስመኝ ነበርን። ስመኝን በጥር ዳርኋት፤ የዳርኋትም ለጨሞጋ ማዶ ሰዎች ነው። የእኛ ቤት ያለው ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ማዶውን አፋፍ ስታዩት እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል። በጠራ ቀን የባሏን ቤት ክዳን አየዋለሁ፤ ከብቶቹ ሲወጡ አያቸዋለሁ፤ ጢሱንም አየዋለሁ። ልሂድ ያሉ እንደሆነ ግን ገደሉን ቁልቁል መውረድ፣ ወንዙን መሻገር፣ እንደገና ሽቅብ መንጠልጠል ነው፤ በማለዳ የተነሣ ሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢደርስ ነው።

ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ጉልበት ነበረኝ። ከባዱ ወጉ ነው። በእኛ አገር ልጇን የዳረች እናት ሳትጠራ የአማቾቿን ደጅ አትረግጥም። ብትረግጥ «ልጇን ሰጥታ እህላችንን ልትበላ ተከትላ መጣች» ትባላለች። እኔ ደግሞ ይህን ከምባል ገደሉ ቢውጠኝ ይሻለኛል። የባሏ እናት፣ ስሟን ጠርቼ አፌን አላደክምም፣ ሙሽራ ዓመቷን ሳትደፍን ከግቢ አትወጣም የምትል ሴት ናት። ስመኝን አትልካት፣ እኔን አትጠራኝ። ምን አስቸኮላት? ልጅ ያገኘችው እሷ፣ ቤት የቀዘቀዘባት እኔ።

ሩቅ አገር ያለን ሰው መናፈቅ ምን ያስቸግራል? አይታይማ። እኔ የምናፍቃት ልጅ ጢሷ ይታየኛል። ጠዋት ጢሱ ዘግይቶ የወጣ እንደሆነ «ምነው፣ ታመመች ይሆን?» እላለሁ። ቀድሞ የወጣ እንደሆነ ደግሞ «ምነው በጨለማ ቀሰቀሷት?» እላለሁ። በሰዓቱ የወጣ እንደሆነም አላርፍም፤ «የእሷ ይሁን የአማቷ በምን አውቃለሁ?» እላለሁ። እንዲህ ስል ውዬ፣ ማታ የሁለት ሰው እራት አቅርቤ ለብቻዬ እቀመጣለሁ። እጄ ነው ያለመደው፤ እጅ ቶሎ አይሰማም።

ስመኝ ብልህ ናት፤ በእኔ ወጥታለች ብል ኩራት አይሁንብኝ። በሠርጉ ቀን በቅሎ ላይ ሊያስቀምጧት ሲሉ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሰዉ የምታለቅስ መስሎት ነበር። እሷ ግን በጆሮዬ ውል ትዋዋለኝ ነበር። «እማዬ፣ እሑድ እሑድ ሲመሽ ጥጃ ለማየት ብዬ ችቦ ይዤ እወጣለሁ። ከፍ ዝቅ ሳደርገው ደኅና ነኝ ማለቴ ነው። ክብ አድርጌ ያዞርሁት እንደሆነ ግን...» አለችና አፈረች። የቀረውን እኔ ጨረስሁላት፤ እናት አይደለሁም? ክብ ሆዷ ነው፤ ፀነስሁ ማለቷ ነው። እኔም እንዳየሁ እንድታውቀው፣ እሷ ያሳየችኝን ያንኑ መልሼ ላሳያት ተስማማን። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስነው።

በመጀመሪያው እሑድ ማዶ ላይ የስመኝ ችቦ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። እኔም ችቦዬን ለኩሼ ወጣሁ። ከፍ አደረግሁ፣ ዝቅ አደረግሁ፣ ደስታውም ያዘኝና ሳላስበው አወዛወዝሁት መሰለኝ። አንዲት ፍንጣሪ በርራ ድርቆሼ ላይ ዐረፈች። የቀረውን መናገር ያስፈልጋል? ድርቆሹ ባንድ ጎኑ ነደደ፤ የደብሩ ሰው እንስራ ተሸክሞ እየጮኸ ደረሰ። ከጠፋ በኋላ በዚህ ምሽት ችቦ ይዤ ምን እሠራ እንደነበር ጠየቁኝ። ዶሮ ጠፍታብኝ ነው አልሁ። ዶሮዎቼ ሁሉ ከቆጡ ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር።

በማግስቱ የደብሩ ቄስ፣ አባ ተክሌ፣ ሰዉን ሰብስበው ገዘቱ። ዝናብ እስኪጥል ድረስ ማንም ሰው ከቤቱ ውጭ እሳት ይዞ እንዳይታይ። ችቦ ቢሆን፣ ኩራዝ ቢሆን፣ ፍም ቢሆን። ሲናገሩ ዓይናቸው ከእኔ ላይ አልተነሣም። አልፈርድባቸውም፤ በበጋ የሣር ቤት መካከል የችቦ ጨዋታ ደግ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን እሑዶች እንዴት እንዳሳለፍኋቸው ልንገራችሁ። ስመኝ ማዶ ላይ ችቦዋን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። እኔ ወዲህ ጨለማ ውስጥ ቆሜ ባዶ እጄን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ማን ያየኛል? እሷ መልስ ስትጠብቅ ችቦው እስኪያልቅ ድረስ ትቆማለች። እሳቱ እያነሰ፣ እያነሰ፣ እንደ አንዲት ዓይን ሆኖ ይጠፋል። ገባች ብዬ እገባለሁ። ደግሞ በጨለማው ቆማ ቢሆንስ ብዬ እወጣለሁ። ግዝት ባይሆን ኖሮ ድርቆሹን እንዳለ ባነደድሁላት ነበር።

ጾሙ ሲጋመስ ነው ባትሪ ትዝ ያለኝ። አባ ተክሌን ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብዬ፣ ለራሴ ሳይሆን ለሌላ ሰው እንደሚጠይቅ ሆኜ፣ ባትሪ እሳት ነው ወይ አልኋቸው። አባ አሰቡ። መጽሐፍ ላይ እንዳላዩት ነገሩኝ። ያቃጥላል ወይ አሉኝ። አያቃጥልም አልሁ። ጢስ አለው ወይ አሉኝ። የለውም አልሁ። እንግዲያ እሳት አይደለም ብለው ፈረዱ፤ ደግሞ ጥቂት ሄደው ተመለሱና «ዶሮሽ ተገኘች?» አሉኝ።

ጾም ለላም ባለቤት ደግ ነው። ቅቤው አይበላማ። ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና ያጠራቀምሁትን ቅቤ ይዤ፣ የከተማ ሰው ለፋሲካ ሲሯሯጥ ማርቆስ ለመውረድ ተነሣሁ። ባላምባራስም በዚያው ቀን የድንበር ሙግት ቀጠሮ ነበረው። የሙግት ቀጠሮ የሌለው ቀን ነበረው ወይ ብትሉኝ አላስታውስም። መንገድ ላይ ምን ልትገዢ ነው አለኝ። ባትሪ ነው አልሁት፤ ለጠዋት ኪዳን መገስገሻ። ይህን ቃል ከአፌ ባላወጣሁት። ቀጠሮውንም፣ ዳኛውንም፣ ድንበሩንም ትቶ፣ እስከ ሱቁ ደጅ ድረስ የባትሪን ነገር ሲያስተምረኝ ሄደ።

ወንድ አብሮ ገበያ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቅቤውን ስሸጥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ገንዘቡ በእጄ ሲገባ ግን ከጎኔ ተገኘ። ሰይድ የሚባል ጨዋ ነጋዴ ሱቅ ገባን። ሰይድ ሦስት ዓይነት ባትሪ አወጣ። አንደኛዋ ረጅም ናት፤ በትከሻ ቢሸከሟት ጠመንጃ ትመስላለች። ዋጋዋን ሲነግረኝ ቅቤውን ብቻ ሳይሆን ላሟንም ይዤ መምጣት እንደነበረብኝ ገባኝ። እሷን ሰይድ ራሱ ቀስ ብሎ ወደ ቦታዋ መለሳት። የቀሩት ሁለቱ ዋጋቸው ከአቅሜ ጋር ይስማማል፤ አንዱ አፉ ሰፊ ነው፣ ሌላው አፉ ጠበብ ብሎ ቀይ ቀለም የተቀባ ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ የሚበራው የትኛው ነው?

ሰይድ «እናቴ፣ ለምን ሥራ ነው የሚፈልጉት?» አለኝ። ምን ልበለው? ልጄ ናፍቃኝ ነው፣ ገደል ማዶ የምትታይ ብርሃን ስጠኝ ልበለው? ባላምባራስ ጆሮውን አቁሞ? ባላምባራስ የሰማው ነገር ሳምንት ሳይሞላው ጨሞጋን ይሻገራል፤ የስመኝ አማት ጆሮ ይገባል፤ በሦስተኛው ቀን ከልጄ እጅ ችቦው ይነጠቃል። ስለዚህ «ለማየት ነው እንጂ ባትሪ ለማሽተት ይፈለጋል እንዴ?» አልሁት። ሰይድ ፈገግ አለና ሌላ አልጠየቀኝም።

የሱቁን በር ገርበብ አደረገልንና ጨለም አለ። መጀመሪያ ሰፊውን አበራ። ግድግዳው እንዳለ ፈካ፤ የጨው ከረጢቱ፣ የአቡጀዲው ጥቅል፣ ከጥቅሉ ላይ የተኛችው ድመት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታየ። ቀጥሎ ጠባቡን አበራ። ግድግዳው ላይ ወንፊት የምታህል አንዲት ክብ ብቻ ቁጭ አለች፤ ከእሷ ውጭ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው።

«አየሽ የሻረግ» አለኝ ባላምባራስ፣ ሰፊውን በከዘራው እያመለከተ። «ብርሃን ይህ ነው። ያኛው ብርሃን የቀመሰ ነገር ነው እንጂ ብርሃን አይባልም።»

ሰይድ በትሕትና፣ ጠባቧ ሩቅ ትወረውራለች አለ።

«ምን ትወረውራለች? ወንጭፍ ናት?» አለው ባላምባራስ፤ በራሱ ቀልድም ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። ድመቷ ሳትቀር የታየችበትን ትቼ ወንፊት የምታህለውን እንዴት ልምረጥ? ሰፊውን ገዛሁ። ለካ ደግሞ ድንጋዩ ለብቻው ነው የሚሸጠው። በቅሎ ሸጠውላችሁ «እግሯን ደግሞ እዚያ ማዶ ግዙ» ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? ለፋሲካ ልገዛው ያሰብሁት ጨው ቀረ፤ የባትሪ ድንጋይ ገዛሁበት። ያን ዓመት ዶሮዬን አልጫ ገደፍሁ። ለስመኝ ሲሆን ምን አለበት አልሁ።

የፋሲካ እሑድ መጣ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጀምሬ ባትሪውን ታቅፌ አጥሬ ሥር ቆምሁ። ልቤ እንደ ሙሽራ ይመታል። ሲጨልም ወደ ማዶ አነጣጥሬ ተጫንሁት።

ባትሪው ሐቀኛ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያሳየውን አልካደም። አጥሬን አሳየኝ። በአጥሩ ላይ ያለውን ቁልቋል አሳየኝ። የቁልቋሉን እሾህ ሁሉ ለቅሜ ልቆጥረው እስክችል ድረስ አሳየኝ። ከቁልቋሉ ወዲያ ግን አላለፈም። እዚያው ተበተነ። ከቁልቋሉ ወዲህ ቀን ነው፤ ከቁልቋሉ ወዲያ ሌሊት። ከምፈልገው በቀር ሁሉን ነገር አሳየኝ።

ቋጥኝ ላይ ወጣሁ። ነቀነቅሁት። መታሁት። መስተዋቱን በነጠላዬ ወለወልሁት። በልመና ቃል ሳይቀር ተናገርሁት። ማዶ ላይ የስመኝ ችቦ ከፍ ዝቅ ብሎ፣ ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ጠፋ። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ የማይገባኝ ነገር መጣ። ስመኝ ፀባይዋን ለወጠች። እኔ እያበራሁ ሳለ ዝም ትላለች፤ ተስፋ ቆርጬ ወደ ቤት ስገባ፣ በሩን ሳልዘጋ ዘወር ብዬ ሳይ፣ ችቦዋ ተነሥቶ ሲዘል አያለሁ። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ፣ እንደ ዘፈን። ሮጬ ስመለስ ጠፍቷል። ከማን ጋር ነው የምትጫወተው? እኔ እናቷ እዚህ ቁልቋል ሳበራ እሷ ማዶ ሆና በማን ትደሰታለች? ክፉ ክፉውን አሰብሁ። እናቷን ረሳች አልሁ። አማቷን «እማዬ» ብላ ለመደች አልሁ። ጢሱን እንኳ ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ መፍተል ጀመርሁ። አንድ እሑድማ ተቀየምሁና ጭራሹን ሳልወጣ ቀረሁ። ማንን ነው የተቀየምሽው ካላችሁኝ፣ እሷን አልላችሁም፤ ባትሪውን ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ባላምባራስ ጋቢውን ደርቦ፣ ፊቱ በርቶ ደጄ ድረስ መጣ።

የባላምባራስ የድንች ማሳ ከአጥሬ ሥር፣ ከምንጩ አጠገብ፣ ልክ አፋፉ ላይ ነው፤ ዝቅ ብሎ ከቁልቋሉ ወዲያ ስለሆነ ከደጄ አይታይም። በበጋ ውኃ የሚያገኝ ማሳ እሱ ብቻ ስለነበር፣ የአገሩ ጃርት ተማክሮ የመጣ ይመስል ይፈነቅለው ነበር። ባላምባራስ ጃርቱን እንደ ድንበር ተሟጋቹ ነበር የሚጠላው።

«የሻረግ፣ ገደልሁት» አለኝ።

ማንን አልሁት፤ ሰው መስሎኝ። ጃርቱን ነው። ትናንት ማታ፣ ከጉድጓዱ ሲወጣ፣ በጦር። በጨለማ እንዴት አዩት አልሁት። ከጋቢው ሥር እጁን ሰደደና አንዲት ባትሪ አወጣ። አፏ ጠባብ ነው፤ ቀይ ነች።

ዓይኔን ተጠራጠርሁ። ለካ ከፋሲካ በኋላ ለቀጠሮው ማርቆስ ሲወርድ፣ ሰይድ ሱቅ ተመልሶ ለራሱ ገዝቷታል።

«ይህች እኮ ብርሃን የቀመሰች ናት፣ ብርሃን አትባልም ብለው ነበር» አልሁት።

«ያልሁትማ ላንቺ ነው» አለኝ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር። «ለሴት ሰፊው ይበቃታል፤ ድስትና ጓዳ ታይበታለች። ሩቅ ለሚያይ ወንድ ግን ይህች ናት።»

ይህን ብሎ ቢሄድ ኖሮ፣ በደሉን አንድ ብዬ ቆጥሬ እተወው ነበር። አልሄደም። የክብር ወሬ ነበረችው፤ ሳይነግረኝ ሊሄድ አልቻለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማዶ ያሉት ሰዎች ይህችን ባትሪ እንደሚያከብሯት ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። ማታ ማታ ጃርት ሲፈልግ መብራቱ ወደ ማዶ ያመልጣል፤ እሑድ እሑድ ያመለጠ እንደሆነ ማዶ ያሉት ወዲያው ችቦ ያነሣሉ፤ ከፍ አድርገው ዝቅ ያደርጉለታል። «እጅ መንሣታቸው ነው» አለ። «ሹመቴን ሰምተው መሆን አለበት።»

ስመኝ አልረሳችኝም። ስመኝ ከእኔ ጋር ነበር የምትጫወተው፤ እናቴ መለሰችልኝ እያለች፣ እየዘለለች፣ ከባላምባራስ ጃርት ጋር።

«ባለፈው እሑድ ያደረጉልኝን ብታዪማ» አለ። «ከፍ ዝቁን ተዉትና ክብ አድርገው አዞሩልኝ። አንዴ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ደጋግመው ነው። ለደጃዝማች እንኳ እንዲህ ያለ ሰላምታ አይቼ አላውቅም።»

«ክብ» አለ። በአፉ ነው ያለው። ባለፈው እሑድ፣ እኔ ባትሪ ተቀይሜ ቤቴ በተቀመጥሁበት። የልጅ ልጄን ወሬ ባላምባራስ ጥሩነህ ቀድሞኝ ሰማ፤ ሰምቶም ሹመቱን መሰለው።

«አንቱስ?» አልሁት። «አንቱ ምን መለሱላቸው?»

«እኔ?» አለ። «አጠፋሁና ገባሁ። ትልቅ ሰው እኮ ለሰላምታ ሁሉ አይመልስም።»

እስቲ አስቡት። ልጄ ያን ሁሉ ቀን ስትጠብቀው የነበረውን ነገር፣ ለባሏ እንኳ ነግራው እንደሆነ እንጃ፣ ለእናቷ በእሳት ጻፈችላት። እናቷ ደግሞ መብራቱን ድርግም አድርጋ ገባች። እንዲያ ነው ያየችው። ሳምንቱን ሙሉ ያን ይዛ ነው የተኛችው። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ለጢሷ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።

ነገ እሑድ ነው። ነገ ማታ ስመኝ ትወጣለች። ደግማ ታዞራለች፤ አውቃታለሁ። ነገ ማታ ማሳዎን ሊያዩ ይወጣሉ ወይ አልሁት። ምን ሊሠራ? ጃርቱ ሞቷል። ባትሪዋንም ድንጋይዋ እንዳያልቅ ሣጥን ውስጥ ሊያስቀምጣት ነው፤ እስከሚቀጥለው ሙግት።

በዕድሜዬ ሙሉ ከሰው ዕቃ ተውሼ አላውቅም። ወንፊት እንኳ አልተዋስሁም። ያን ቀን ግን «ባላምባራስ፣ ለነገ ማታ ያውሱኝ» አልሁት። ይህን ቃል ለማውጣት ከጨሞጋ ሥር እስከ አፋፉ ድንጋይ የመሸከም ያህል ደክሞኛል።

ባላምባራስ ባትሪዋን ወደ ጋቢው መለሳት። «ያንቺው አለ አይደለም? ምን ሆነ?» አለኝ። ዓይኑ ጠበበ፤ ሙግት እንደሸተተው ሰው።

ምን ሆነ ልበለው? ነገሩን ልንገረው? ያኔ ነገ ማታ ደብሩ በሙሉ ከአጥሬ ሥር ተሰልፎ የልጄን ሆድ ሊያይ ነው። ከነገ ወዲያ አማቷ ትሰማለች። ከዚያ ወዲያ ማዶው ይጨልማል።

«ምንም አልሆነ፤ ደኅና ነው» አልሁት።

እሱም «መርጬልሽ የለ» ብሎ ሄደ።

ያን ምሽት ሰፊውን ባትሪ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። አላበራሁትም። የቤቱ ማዕዘን ሁሉ ባዶ መሆኑን ሳላበራውም አውቀዋለሁ።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት፣ ደወል ሲደወል፣ ነጠላዬን መስቀልያ አጣፍቼ ከሰዉ ኋላ ኋላ ሄድሁ። ሰዉ ቅዳሴ ሲገባ እኔ ከመታጠፊያው ላይ ቀረሁና፣ በምንጩ በኩል ዞሬ የባላምባራስ ድንች ማሳ ገባሁ። መቆፈሪያ አልያዝሁም፤ ጃርት መቆፈሪያ የት አግኝቶ? በጥፍሬ ነው የቆፈርሁት። አንድ ቦታ ብቻ ቆፍሬ ብተወው ባላምባራስ እዚያችው ላይ አነጣጥሮ ያበራና ይገባል። ስለዚህ በማሳው ዳርና ዳር፣ ዙሪያውን፣ ክቡን ሳላፈርስ ነው የሄድሁት፤ በየት ገባ በየት ወጣ እያለ ባትሪዋን እንዲያዞራት። ድንቹ የተበላ እንዲመስል ደግሞ መንከስ ነበረብኝ። ጥሬ ድንች ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? አፈርና ሳሙና ነው። ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ እንኳ በአፌ ገብቶ የማያውቀው እኔ፣ በሰንበት ቀን፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ የባላምባራስን ድንች እየነከስሁ ተፋሁ። እየነከስሁም ወደ ማዶ አየሁ፤ ጢሱ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ ምንጩ ላይ ጥፍሬን ታጥቤ፣ አፌን ተጉመጥምጬ፣ ሰዉ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ደረስሁ። ባላምባራስ ከፊት ከፊት ይወጣል። ምነው ዛሬ ዘገየሽ አለኝ። እጅ ነሣሁትና፣ በማሳዎ በኩል ሳልፍ ያየሁት ነገር አስደንግጦኝ ነው አልሁት።

«ባላምባራስ፣ የገደሉት ጃርት ሚስት ነበረችው መሰለኝ።»